የፋብሪካው ፒኤልሲና የሕንፃው ቢኤምኤስ ሲገናኙ ማን ማንን ይዘዝ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የማምረቻ መስመራችን የሚሠራው በፒኤልሲና በስካዳ ነው። የሕንፃው ማቀዝቀዣ፣ አየር ማናፈሻና መብራት ደግሞ ራሱን በቻለ ቢኤምኤስ ይመራል። ፒኤልሲው የሚያውቀው ሞድባስ ነው፤ ቢኤምኤሱ ባክኔት። አለቆቻችን ሁሉንም በአንድ ስክሪን ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ተቋራጭ ሁለቱን ኔትወርኮች በአንድ ስዊች አገናኝቶ 1,200 ነጥቦችን በጌትዌይ ሊያሻግርልን ሐሳብ አቅርቧል። እንቀበለው?»

ቃላቱ ለማይታወቁት፦ ፒኤልሲ ማሽኖችን የሚያዝ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር ነው፤ ስካዳ ኦፕሬተሩ ያንን የሚያይበትና የሚመራበት ሶፍትዌር። ቢኤምኤስ የሕንፃ ማስተዳደሪያ ሲስተም ነው። ሞድባስና ባክኔት መሣሪያዎች የሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ጌትዌይ በመካከላቸው ያለ አስተርጓሚ፤ ነጥብ ደግሞ አንድ ንባብ ወይም አንድ ትእዛዝ ነው። ቁርጡን ልንገርዎ። ማገናኘቱን ይግፉበት። በቀረበው መንገድ ግን አይቀበሉት። ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በመጀመሪያው ቀን አይታይምና። ከወራት በኋላ፣ ያውም ሌሊት ላይ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። በብዙ ፋብሪካዎች አንዱ ቺለር (ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ሁለት ቤት ያገለግላል። ቀዝቃዛው ውሃ ግማሹ ወደ ማሽን፣ ግማሹ ወደ ቢሮና አዳራሽ ይሄዳል። ቢኤምኤሱ ማሽኑ መቼ እንደሚነሳ አያውቅም። ስለዚህ ተጨማሪ ቺለር የሚያስነሳው ውሃው ከሞቀ በኋላ ነው። ማሽኑ ከ10 ደቂቃ በፊት «ልነሳ ነው» ቢለው ኖሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። አየር ማናፈሻውም እንደዚያው ነው። መስመሩ ቆሞ፣ ሠራተኛው ወጥቶ፣ ፋኖቹ በሰዓት ፕሮግራም ብቻ ስለሚመሩ በሙሉ ፍጥነት ይዞራሉ። ፋን የሚበላው ኃይል የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ዝቅ ቢያደርጉት ኃይሉ ወደ 51 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ከፒኤልሲው የምትመጣ «መስመሩ ቆሟል» የምትል አንዲት ምልክት ናት። የአየር ኮምፕሬሰር የሚበላው ኤሌክትሪክም አብዛኛው ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው። ሕንፃው በዚያ ሙቀት ውሃ ሊያሞቅበት ይችላል።

ልብ ይበሉ። እነዚህ ጥቅሞች የሚገኙት በጣት በሚቆጠሩ ነጥቦች ነው። 1,200 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ተቋራጩ በፒኤልሲው ውስጥ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ «ይህን አይቶ ማን ምን ያደርጋል?» ብለው ቢያጣሩት ዝርዝሩ ወደ አንድ ገጽ ይወርዳል። እኔ እንዲህ ካጣራኋቸው ሥራዎች መካከል 60 ነጥብ ያለፈው ጥቂት ነው።

ሁለቱ ሲስተሞች ሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ፒኤልሲ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ይደጋግማል፤ 10 ሚሊሰከንድ የተለመደ ነው። የሕንፃ ሙቀት ደግሞ የሚቀያየረው በደቂቃዎች ነው። ቢኤምኤስ አንድን ሴንሰር በየ30 ሰከንዱ ቢያነብ ማንም አያማርርም። ችግር ሲመጣም አይመሳሰሉም። ፒኤልሲ መረጃ ሲጠፋበት ወደማያሰጋ ሁኔታ ወርዶ መቆም ይቀናዋል። ቢኤምኤስ በያዘው መቀጠል ይቀናዋል። ሰዎቹም እንደዚሁ ናቸው። የፒኤልሲ ፕሮግራም አንዴ ከተፈተሸ በኋላ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነካም። የቢኤምኤስ ቴክኒሻን ግን የስብሰባ አዳራሹ ሞቀ በተባለ ቁጥር ገብቶ ያስተካክላል፤ ሥራውም ነው። አንዱን የሌላው አዛዥ ካደረጉት ያቺ የአዳራሽ ማስተካከያ አንድ ቀን መስመር ታቆማለች።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማስቀድመው አንድ ሕግ አለ። በሁለቱ መካከል ጥያቄ ይለፍ እንጂ ትእዛዝ አይለፍ። ፒኤልሲው የቺለሩን ፓምፕ «ተነስ» አይበለው። «ቀዝቃዛ ውሃ እፈልጋለሁ» ይበል። እንዴት እንደሚቀርብ የቢኤምኤሱ ጉዳይ ነው። የትኛው ቺለር ጥገና ላይ እንዳለ፣ የየትኛው ፓምፕ ተራ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ቢኤምኤሱም «ውሃው ዝግጁ ነው» ወይም «ገና ነው» ብሎ ይመልስ። ማሽኑ ይነሳ አይነሳ የሚለውን ደግሞ ፒኤልሲው ይወስን። እያንዳንዱ ሞተር አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው። ሁለት ቦታ የሚታዘዝ ሞተር በቆመ ቀን ሁለት ቡድን «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ይባባላል፤ ማሽኑ እንደቆመ ያነጋል።

ቀረብ ብለን እንየው። በፒኤልሲው ውስጥ ለቢኤምኤስ ብቻ የተለየች የሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት የማስታወሻ ሳጥን) ሰሌዳ ያስከፍቱ። 20 ሬጅስተር ትበቃለች። በመጀመሪያው ላይ በየሰከንዱ በአንድ የሚጨምር ቁጥር ይቀመጥ። ይህ የልብ ትርታ ነው። በሁለተኛው የውሃ ጥያቄ ይቀመጥ፤ 0 ወይም 1። በሦስተኛው የሚፈለገው የማቀዝቀዝ መጠን በኪሎዋት። በአራተኛው መስመሩ እየሠራ፣ እየተዘጋጀ ወይም ቆሞ መሆኑ። ቢኤምኤሱ የልብ ትርታው ለ60 ሰከንድ ካልተንቀሳቀሰ ግንኙነቱ ሞቷል ብሎ ይውሰድ።

ያኔ ምን ያድርግ? ይህን ዛሬ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ወስኑ። ለቀዝቃዛ ውሃ እኔ የምመርጠው «ጥያቄው እንዳለ ቁጠር» የሚለውን ነው። ማሽን ከሚግል ለጥቂት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቢባክን ይሻላል። ለአየር ማናፈሻ ደግሞ ወደ ሰዓት ፕሮግራሙ ይመለስ። ፒኤልሲውም በበኩሉ «ዝግጁ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አምኖ ማሽን አያስነሳ። ማሽኑ ጋ ያሉት የራሱ የፍሰት ስዊችና የሙቀት ሴንሰር አብረው ይመስክሩ። ሁለት ባላ ትከል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

የልብ ትርታን ነገር አጥብቄ የምናገረው የሌለበትን ቦታ ስላየሁ ነው። አንድ ፋብሪካ ሌሊት ተጠርቼ ሄድኩ። እዚያ ቺለሩን የሚመራው ፒኤልሲ ነበር፤ የሌሊት ተረኛው ግን የሚያየው የቢኤምኤሱን ስክሪን ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የቀዝቃዛው ውሃ ሙቀት 7.2 ዲግሪ ይላል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ወርጄ ቧንቧው ላይ ኢንሱሌሽን ያልለበሰ ቫልቭ ፈልጌ እጄን አሳረፍኩበት። ለብ ብሏል። ቺለሩ ከቆመ ሰዓታት አልፈዋል። በጌትዌዩና በፒኤልሲው መካከል ያለው ኬብል ከሶኬቱ ሾልኮ ወጥቷል። ጌትዌዩ መጨረሻ ያነበበውን 7.2 ይዞ፣ ቢኤምኤሱ በጠየቀው ቁጥር ያንኑ ይመልሳል። ተረኛው ምንም አላጠፋም። ከፊቱ የተቀመጠለትን ቁጥር ነው ያመነው።

ባክኔት ለዚህ መድኃኒት አለው። አንድ ነጥብ ከንባቡ ጋር አራት ምልክቶችን ይዞ መሄድ ይችላል፦ አላርም ላይ መሆኑን፣ ብልሽት እንዳለበት፣ በእጅ መያዙን፣ ከአገልግሎት መውጣቱን። ኦፒሲ ዩኤ የሚባለው ሌላው የመነጋገሪያ ቋንቋም ለእያንዳንዱ ንባብ የጥራት ምልክትና የተነበበበትን ሰዓት ይልካል። ሞድባስ ግን ባዶ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ተቋራጩን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ከፒኤልሲው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ባክኔቱ ላይ የብልሽት ምልክቱ በስንት ሰከንድ ይነሳል?» መልሱን በቁጥር ካልሰጠ ጌትዌዩን ገና አላወቀውም ማለት ነው።

ከትርጉም ሥራው የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ሞድባስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሬጅስተሩ 16 ቢት የሚይዝ ሳጥን ነው። ስም የለውም፤ መለኪያም የለውም። ባክኔት ስታንዳርድ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እሱ ጋ እያንዳንዱ ነጥብ ስም፣ ዓይነትና መለኪያ አለው። እንግዲህ ጌትዌዩ ሳጥኑን ወደ ስም ሲለውጥ ስሙን የሚያወጣው ሰው ነው። የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

እንደ 7.2 ያለ አስርዮሽ ቁጥር ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ሁለት ሬጅስተር ይይዛል። አንዱ አምራች ከፍተኛውን ግማሽ አስቀድሞ ይጽፋል፣ ሌላው ዝቅተኛውን። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ 7.2 የነበረው 24 አሃዝ ያለው ቁጥር ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይህ አያሳስበኝም። ማንም ያየዋል፣ በዚያው ቀን ይስተካከላል። የሚያሳስበኝ እውነት የሚመስለው ስህተት ነው። አንዳንድ አምራች ሬጅስተሮቹን ከ0 ይቆጥራል፣ ሌላው ከ1። በአንድ ቁጥር ከተሳሳቱ የሚሄደውን ውሃ 7 ዲግሪ ያነበቡ መስሎዎት የሚመለሰውን 12 ዲግሪ ያነባሉ። ሁለቱም ያለ ጥርጥር የውሃ ሙቀት ናቸው። ማንም አይጠራጠርም። መድኃኒቱ አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ አማራጭ የለውም። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰው ሴንሰሩ ጋ ቆሞ ንባቡን ይቀይራል፣ ሌላ ሰው ስክሪኑ ላይ ሲቀየር ያያል። በስልክ እየተነጋገሩ አንድ በአንድ። 60 ነጥብ በአንድ ቀን ያልቃል። 1,200 ነጥብ ግን በዚህ መንገድ ሲፈተሽ አይቼ አላውቅም። ናሙና ተወስዶ ሌላው «ያው ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ከፒኤልሲው ወደ ቢኤምኤሱ የሚጻፍ ነገር ካለ ደግሞ የቅድሚያ ደረጃውን ይወቁት። ባክኔት ላይ ትእዛዝ የሚቀበል ነጥብ 16 ደረጃዎች አሉት። ዝቅ ያለው ቁጥር ያሸንፋል። 1 እና 2 ለሰው ሕይወት ደህንነት የተተዉ ናቸው። 8 የኦፕሬተሩ የእጅ ትእዛዝ ነው። ጌትዌዩ በ8 ላይ ከጻፈ ከኦፕሬተሩ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መጨረሻ የጻፈው ይቀራል። ደግሞም የተጻፈ ትእዛዝ ባዶ ተጽፎበት እስኪለቀቅ ድረስ እዚያው ይኖራል። ጌትዌዩ ተነቅሎ ተጥሎ እንኳ ይኖራል። እኔ ጌትዌዩ ከ8 ባነሰ ቅድሚያ፣ ለምሳሌ በ12 ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ያኔ ኦፕሬተሩ ሁልጊዜ የበላይ ነው።

በኔትወርክ ጨርሶ የማይሄዱ ነገሮችም አሉ። የእሳትና የጋዝ ምልክት፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ፣ የጭስ ማስወጫና የአየር ማስገቢያ ፋኖች መጠባበቅ (አንዱ ሳይነሳ ሌላው እንዳይነሳ የሚያስረው) በሽቦ ይሁኑ። ሪሌይ፣ ደረቅ ኮንታክት (የራሱ ቮልቴጅ የሌለው መክፈቻና መዝጊያ)፣ 24 ቮልት፤ በቃ። የመጨረሻውን በምሳሌ ላሳይዎት። የማምረቻው ትልቁ ማስወጫ ፋን በፒኤልሲ ተነስቶ፣ የሕንፃው አየር ማስገቢያ በቢኤምኤስ ሳይነሳ ቢቀር አዳራሹ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። የ100 ፓስካል ልዩነት በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። በሩ ግን 0.9 በ2.1 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1.89 ካሬ ሜትር ነው። ጠቅላላ ኃይሉ 189 ኒውተን ይሆናል። እጀታው ላይ በግምት ግማሹ ይደርሳል፤ 10 ኪሎ ገደማ መሳብ ማለት ነው። ወደዚያ አቅጣጫ የሚከፈት በር ከመዝጊያ ስፕሪንጉ ጋር ተደምሮ ለደከመ ሰው ይከብዳል። በተቃራኒው የሚከፈተው ደግሞ እየተወረወረ ይከፈታል። ይህን ለጌትዌይና ለሶፍትዌር ማዘመኛ አሳልፈው አይስጡ። «አየር ማስገቢያው ዞሯል» የሚል ኮንታክት ሳይዘጋ ማስወጫው አይነሳ። ማስገቢያው ከቆመ ማስወጫው ምን እንደሚያደርግ ግን ለብቻው ይጠና። መርዛማ ጋዝ የሚያስወጣ ከሆነ በድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ ነው።

አሁን ወደ አንዱ ስዊች ልምጣ። ከቀረበልዎት ሐሳብ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ባክኔት በአይፒ ኔትወርክ ላይ ሲሄድ ዩዲፒ ፖርት 47808ን ይጠቀማል። መሣሪያዎቹ የሚተዋወቁት በብሮድካስት ነው። አንዱ «ማን አለ?» ብሎ ይጮሃል፤ የሰሙት «እኔ አለሁ» ይላሉ። ያ ጩኸት ፒኤልሲዎቹ ጋ ሲደርስ፣ በተለይ የቆዩት፣ የኔትወርክ አቅማቸው ትንሽ ስለሆነ ይታፈናሉ። ሞድባስ ደግሞ የይለፍ ቃል የሚባል አያውቅም። ቲሲፒ ፖርት 502 ላይ የደረሰ ሁሉ ያነባል፤ ብዙ ጊዜ ይጽፋልም። በሕንፃው ኔትወርክ ላይ ደግሞ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። የሊፍቱ ጥገና፣ የካሜራው፣ የመብራቱ፣ ከሩቅ የሚገባው የቺለር ባለሙያ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ ሲጠቃ አጥቂዎቹ የተጠቀሙት የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራለት ከነበረ ተቋራጭ በተሰረቀ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ነበር። ወደ 40 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች መረጃ ተወሰደ። ብዙ ሰው የሕንፃው ማቀዝቀዣ ሲስተም ተጠልፎ እንደሆነ አድርጎ ያወራዋል። እንደዚያ አልነበረም። ለተቋራጩ የተከፈተው በር ለሌላ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በር ወደ ክፍያው ኔትወርክ መሻገር ግን ተቻለ። በአንድ ስዊች ላይ ደግሞ የሚሻገር ነገር እንኳ የለም። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ኔትወርኮች እንደተለያዩ ይቆዩ። አይኢሲ 62443 የተባለው ስታንዳርድም የሚለው ይህንኑ ነው። ሲስተሙን በቀጠና ይከፋፍሉ፤ በቀጠናዎቹ መካከል የታወቀና የሚጠበቅ መተላለፊያ ብቻ ይኑር። ጌትዌዩ በመሃል ቀጠና ይቀመጥ፤ በሁለቱም በኩል ፋየርዎል (የሚያልፈውን የሚያጣራ ዘብ) ይኑረው። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ኖሮት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ምንም የማያሳልፍ ይሁን። በፒኤልሲው በኩል ያለው ፋየርዎል የሞድባስን የሬጅስተር ንባብ ትእዛዞች፣ ማለትም ቁጥር 3 እና 4ን ብቻ ያሳልፍ። 5፣ 6፣ 15 እና 16 የመጻፊያ ትእዛዞች ስለሆኑ ይከልክል።

«ታዲያ ‹ውሃው ዝግጁ ነው› የሚለው መልስ ፒኤልሲው ጋ እንዴት ይደርሳል?» ይሉኝ ይሆናል። ፒኤልሲው ራሱ ሄዶ ከጌትዌዩ ያንብበው። አብዛኞቹ የዛሬ ፒኤልሲዎች ጠያቂ ሆነው መሥራት ይችላሉ። ያኔ ከውጭ ማንም ፒኤልሲው ላይ ምንም መጻፍ አያስፈልገውም። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ አንድ በር ሙሉ በሙሉ ይዘጋልና። ቢኤምኤስዎ አዲስ ከሆነ ባክኔት ሴኪዩር ኮኔክትን ይደግፍ እንደሆነ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ስታንዳርዱ የገባ ነው፤ መረጃውን ያመሰጥራል፣ ያንን የብሮድካስት ጩኸትም ያስቀራል።

የአለቆቹ የአንድ ስክሪን ጥያቄስ? እነሱ የሚፈልጉት ማየት ነው፤ ማዘዝ አይደለም። ለማየት ደግሞ መቆጣጠሪያዎቹ ጨርሶ መገናኘት የለባቸውም። ስካዳው በኦፒሲ ዩኤ ወደ አንድ የመረጃ ሰርቨር ይላክ። ቢኤምኤሱም ወደዚያው ይላክ። ስክሪኑ ከሰርቨሩ ያንብብ። 1,200ውም ነጥብ ከፈለጉ በዚህ በኩል ይሂድ፤ ቢዘገይ፣ ቢቋረጥ የሚቆም ማሽን የለም። የሁሉም ሰዓት ግን ከአንድ ምንጭ ይቀናጅ። የሁለቱ ሰዓት በሦስት ደቂቃ ከተለያየ መጀመሪያ የቆመው ቺለሩ ይሁን ማሽኑ ለማወቅ ስትከራከሩ ትውላላችሁ። አላርሞችንም በጅምላ አታሻግሩ። ተነስቶ የሚሄድ ሰው የሌለው አላርም ሌላውን ይሸፍናል።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር ልጨምር። ጌትዌዩ ከፒኤልሲው ጋር የሚነጋገረው በአር ኤስ 485 (ብዙ መሣሪያ በአንድ ኬብል የሚጋራው ዘገምተኛ መስመር) ከሆነ፣ አንድ ጥያቄና መልስ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ 1,200 ነጥብ አንድ በአንድ ማንበብ 60 ሰከንድ ይፈጃል። የልብ ትርታዎ ከመድረሱ በፊት ሞቷል ይባላል። ሬጅስተሮቹ ተከታትለው ከተቀመጡ ግን በአንድ ጥያቄ እስከ 125 ማንበብ ይቻላል። ያቺን 20 ሬጅስተር ሰሌዳ ለብቻ ያስከፍቱ ያልኩት አንዱም ለዚህ ነው። ኬብሉ ጫፍና ጫፉ ላይ የ120 ኦም ሬዚስተር እንዳለው ራስዎ ይዩ፤ መሃል ላይ ከተገኘ ያስነሱት።

ሥራው ሲረከብ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ለመንቀል ይስጡ። የጌትዌዩን ኬብል በፒኤልሲው በኩል ይንቀሉ፤ ከዚያ በቢኤምኤሱ በኩል። ጌትዌዩን ያጥፉት። የቢኤምኤሱን ሰርቨር ያጥፉ። በእያንዳንዱ ጊዜ ስክሪኑ ምን እንደሚል፣ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ፣ በስንት ሰከንድ እንደሆነ በወረቀት ይያዝ። ከዚያ ዋናውን ኃይል አጥፍተው ይመልሱ። ብዙ ጉድ የሚወጣው እዚህ ነው። ፒኤልሲው በሰከንዶች ይነቃል፤ የቢኤምኤስ ሰርቨር ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ቺለሩ ደግሞ እንደገና ለመነሳት የራሱ የመዘግየት ጊዜ አለው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ማሽኑ «ዝግጁ ነው» የሚል አሮጌ ምልክት ይዞ እንዳይነሳ ይጠብቁ።

ለተቋራጩ ሐሳቡን አይጣሉበት፤ ይመልሱለት። ስዊቹ በመሃል ቀጠና ይተካ። የነጥብ ዝርዝሩ ይጠር፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ባለቤቱ፣ መለኪያው፣ የሚነበብበት ጊዜና ግንኙነት ሲቋረጥ የሚወሰደው እርምጃ ይጻፍ። የጌትዌዩ ሙሉ ኮንፊገሬሽንና የይለፍ ቃሎቹ በእጃችሁ ይግቡ፤ ተመሳሳይ መለዋወጫ ጌትዌይም ይገዛ። ሲጀመር ለጥቂት ሳምንታት ንባብ ብቻ ይሁን። ቢኤምኤሱ የፒኤልሲውን ጥያቄ ይመዝግብ፣ ግን አይፈጽም። መዝገቡን ከስካዳው ጋር አስተያይታችሁ ሲገጥም፣ መስመሩ ለጥገና በሚቆምበት ቀን የውሃውን ጥያቄ ብቻ ክፈቱለት። አየር ማናፈሻው ከዚያ በኋላ ይከተላል።